ከኢፍጣር በተረፈ ካርቶን የበቀለ የአትክልት ስፍራ

በዚህ ገጽ ስለ ጾም ድንጋጌዎች፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ለይለቱል ቀድር ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ኢማም ስለ ግድግዳ ምን አገባው የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ፤ ጾመኛ ትዕግሥት አያጣም።

ግድግዳው የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ነው። የምንኖረው ደሴ ነው፤ ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ያለፈው ክረምት ዝናብ በቆርቆሮው ጥግ ሰርጎ ከአልጋዋ ራስጌ በላይ ሰፊ እድፍ ትቶ ሄደ። ቀን ቀን እድፍ ነው፤ ሌሊት ግን ጅብ ነው። ይህን የሰማነው ልጅቱ ከእኛ ጋር ለሱሁር መነሳት ከጀመረች ወዲህ ነው። በረመዳን ሁለተኛው ሌሊት እጄን ይዛ «አባባ፣ ጅቡ አፉን ከፍቷል» አለችኝ። መብራት አብርቼ አሳየኋት፤ እድፍ መሆኑን በዓይኗ አየች። መብራቱ ሲጠፋ ጅቡ ተመለሰ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ገበያ ወረድኩ። ለልጆች ክፍል የሚለጠፍ፣ ዛፍና አበባ የታተመበት ወረቀት እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። እውነትም አለ፤ ያምራልም። ዋጋውን ስሰማ ግን የአንድ ሳምንት የኢፍጣር ወጪያችን ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ደግሞ ቅን ሰው ነውና «ግድግዳዎ የጭቃ ከሆነ አይይዝልዎትም» አለኝ። አላህ ይስጠው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ባለቤቴ ለቤት ነገር ከእኔ የተሻለ ዓይን አላት። «ገንዘብ ለምን? ካርቶን እኮ ደጃፋችን ላይ ተከምሯል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ረመዳን የመብል ወር አይደለም እያልን በየሚንበሩ እንሰብካለን፤ የካርቶን ወር መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። የተምሩ ሳጥን፣ የእንቁላሉ መያዣ፣ የሻይ ቅጠሉ ፓኮ፣ ሶፍት ሲያልቅ መሀሉ ላይ የሚቀረው ቱቦ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። የተምሩን ዘርማ ማን ይቆጥረዋል! እኛ ቤት አምስት ነን፤ እያንዳንዳችን በ3 ተምር ብናፈጥር በቀን 15 ዘር ነው፤ በ10 ቀን 150።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት ለልጅ ከባድ ነው። ጾም በልጅ ልጄ ላይ ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም እስከ ዙህር እጾማለሁ ትልና ዙህር ሲደርስ እስከ ዐስር ትላለች። ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ (ረ.ዐ) ስለ ዐሹራ ጾም ሲናገሩ፣ ልጆቻቸውንም ያስጾሙ እንደነበር፣ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው እንደነበር፣ ልጁ ምግብ ፈልጎ ሲያለቅስ መጫወቻውን እየሰጡ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት ያቆዩት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ለዓመታት በደርስ ላይ አቅርቤዋለሁ። ስለ ጾም ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ያ ሳምንት ሌላ ነገር አሳየኝ፤ እነዚያ እናቶች መጫወቻውን ከገበያ አላመጡትም፤ እጃቸው ላይ ካለው ሱፍ ነው የሠሩት።

ሥራውን የጀመርነው ከእድፉ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን እበድላለሁ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ጌጥ መለጠፍ ቁስልን ሳያጥቡ በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ነው፤ ሻጋታው ከሥር ይቀጥላል፤ የልጅ ደረት ደግሞ ሻጋታ አይወድም። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው የሚገባበት ይደፈናል። እኛ የቆርቆሮውን ጥግ አስመታን። ግድግዳው እስኪደርቅ በሩንና መስኮቱን ከፍተን ጠበቅን፤ በጋ በመሆኑ ብዙ አልፈጀም። ከዚያ የሻገተው ተፍቆ ይወርዳል፤ ሲፋቅ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ልጅም ከክፍሉ ትወጣለች። በመጨረሻ ኖራ ይቀባል። ኖራ እጅንና ዓይንን ያቃጥላልና የአዋቂ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል። እርጥብ ሳለ ውሃ ብቻ ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው።

ስፍቅ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ከእድፉ በስተግራ አሮጌው ኖራ በቢላዋ ተላጦ ሲነሳ ከሥሩ ጥቁር መስመር ብቅ አለ። ሻጋታ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፤ አልለቀቀም። ወደ ላይ ተከተልኩት፤ ለሁለት ተከፈለ፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ተከፈለ። ዛፍ ነው። በከሰል የተሣለ ዛፍ።

የልጅ ልጄን ውሃ አምጪልኝ ብዬ ላክኋትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ዛፍ የሣለው የእርሷ አባት ነው። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከምድጃው ከሰል አንስቶ እኔ መስጂድ ሳለሁ ሣለው። ዛፍ ብቻ ቢሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ቅርንጫፉ ላይ ግን ወፍ አሳርፎበት ነበር። ነፍስ ያለው ፍጡር ሥዕል በኢማም ቤት! እጁን መታሁት። በዚያው ዕለት ኖራ በጥብጬ ወፏንም ዛፉንም ደፈንኳቸው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሲሥል አይቼው አላውቅም። ዛሬ ጅዳ ነው፤ እየሠራ ቤቱን የሚደጉመው እርሱ ነው።

እኔ ግን በልጅነቴ እንዲህ አልተደረግሁም። ወሎ ገጠር ውስጥ ሉህ ይዤ የምቀራ ደረሳ ሳለሁ ቀለማችንን የምንሠራው ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸትና ከግራር ሙጫ ነበር። አንድ ቀን ሱራዬን ጽፌ ስጨርስ በሉሁ ጠርዝ ዙሪያ ሐረግ ሣልኩበት። ሸይኼ ሉሁን ተቀብለው አዩት። አለንጋው አጠገባቸው ነበር። «ሐረጉ ቀጥ ብሏል፤ ጠማማው ሐርፉ ነው» ብለው መለሱልኝ። ደረሶቹ ሳቁ፤ እኔም ሐርፉን አስተካከልኩ። ሐረጉን አጥፋ አላሉኝም።

የበለጠ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ዕውቀቱ የነበረኝ መሆኑ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ዘንድ ኑሮው ሥዕል በመሥራት የሆነ ሰው መጥቶ ጠየቃቸው። ስለ ሥዓሊዎች የሰሙትን ከባድ ማስጠንቀቂያ ነገሩት፤ ሰውየው ፊቱ ገረጣ። ይህን ባዩ ጊዜ መሥራትህ ካልቀረ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሥራ ብለው በር ከፈቱለት። ሐዲሱ በሁለቱም ሶሒሖች ውስጥ አለ። ለልጄ ማስጠንቀቂያውን ነገርኩት፤ በሩን ግን አላሳየሁትም። ዛፍ ሣል፣ ደን ሙሉ ዛፍ ሣል ብለው ኖሮ ያን ግድግዳ ደን ያደርገው ነበር።

ቀደምት ሙስሊሞች በዚህ በር በሰፊው ገብተዋል። በቁድስ የሚገኘው ቁበቱ ሶኽራ፣ በ72 ዓመተ ሂጅራ የተጠናቀቀው፣ ውስጡ በሞዛይክ በተሠሩ ዛፎች፣ ሐረጎችና ቅጠሎች የተሞላ ነው። የደማስቆውን ታላቅ መስጂድ ኸሊፋው አል-ወሊድ ሲያሠሩ ግድግዳው ላይ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር ትልልቅ ዛፎች፣ በዛፎቹ መሀል ቤቶች ተሠሩ፤ ሰውም እንስሳም የለበትም። እርግጥ ያ የቤተ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ ወርቅ የተቀባ የመስታወት ቅንጣት ነው። ለእኛ የሚቀርበው የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) መጋረጃ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ሲመለሱ መጋረጃውን አይተው አወረዱት፤ ድንጋይና ጭቃን እንድናለብስ አላህ አላዘዘንም የሚል ትርጉም ያለው ቃልም ተናገሩ። ዓኢሻም ቀደው ሁለት መከዳ ሠሩበት፤ ውስጡን በቴምር ዛፍ ጭረት ሞሉት፤ ነቢዩም አልነቀፏቸውም። ኢማሙ ነወዊ ይህን ሲያብራሩ ግድግዳን በጨርቅ ማልበስ የተጠላ እንጂ ሐራም አለመሆኑን ጽፈዋል። እኔ ከዚህ የምይዘው ሁለት ነገር ነው። ግድግዳ ከሰው በላይ እንዳይለብስ፤ የተቀደደውም እንዳይጣል።

ወደ ሥራው ልመለስ።

ምስማር በጭቃ ግድግዳ ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አትክልቱን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ ሠራነው። ሰሌዳው ከሁለት ድርብ ካርቶን የተሠራ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር። ካርቶን ውስጡ ሽንተረር አለው። የአንዱ ሽንተረር ቁልቁል፣ የሌላው አግድም ሆኖ ሲጣበቁ ሰሌዳው እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ሙጫው የዱቄት ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉሎ እንዳይቀር ይበጠበጣል፤ ሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ እየተጨመረበት በለስላሳ እሳት ይማሰላል፤ እንደ ስስ ገንፎ ሲሆን ይወርዳል። ቆንጥር ጨው ጣሉበት፤ በሁለት ቀን ውስጥም ጨርሱት፤ ከዚያ ይኮመጥጣል። አይጥ ያለበት ቤት ደግሞ የዱቄት ሙጫ እንደሚወደድ አይርሳ፤ በስሱ ቀብቶ ፈጽሞ ማድረቅና ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳችን ተበላሽቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ወረቀት ለጥፌ ለፀሐይ ሰጠሁትና እንደ ጀልባ ጎበጠ። በሁለቱም በኩል ወረቀት መለጠፍ አለበት፤ ያኔ አንዱ ሌላውን ይስባል። ቀጥሎም ጥላ ውስጥ ከባድ ነገር ተጭኖት ይደርቃል። ባለቤቴ የጤፍ ጆንያ ጫነችበት። የልጅ ልጄ ከመደርደሪያው ትልልቆቹን ኪታቦቼን ልታመጣ ስትነሳ አስቆምኳት። ኪታብ ለዚህ አይሆንም።

በወረቀት ነገር አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሰሌዳውን የምንለብጠው በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ድሮም የጭቃ ቤቶቻችንን ግድግዳ ጋዜጣ ሲያለብሰው ኖሯል። ነገር ግን የአላህ ስምና የቁርአን አንቀጽ ያለበትን ገጽ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በሙጫ አታላቁጡት። ይህን የያዛችሁትን የረመዳን ገጽም ጭምር! የስፖርቱ ገጽ ይበቃል።

ቀለም የገዛነው አንድ ሳጥን የተማሪ የውሃ ቀለም ነው። ሲባጎ ጨምረን ከአንድ ኪሎ ተምር ዋጋ በታች ወጣብን፤ ሌላ ወጪ የለም። ከሰው የተረፈ አሮጌ የዘይት ቀለም ለልጅ ክፍል አትቀበሉ። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ የሚጻፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም። ለቡናማው የጀበናው አተላ በቂ ነው፤ ካኪ ወረቀት አጠማዘን ቅርንጫፍ ሠራንና በአተላ አሸነው። ለቢጫው እርድ በጥቂት ውሃ። ለሐምራዊው የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ። ነገር ግን የቀይ ሥር ቀለም ብርሃን አይችልም፤ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

አበባው ከእንቁላሉ መያዣ ነው። እያንዳንዷ ጉድጓድ ተቆርጣ ስትወጣ ዋንጫ ትመስላለች፤ ጠርዟ በመቀስ አራት ቦታ ሲቀደድና ወደ ውጭ ሲታጠፍ አበባ ሆነች። መያዣው አስቀድሞ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ከሥራ በኋላም እጅ ይታጠብ። የሶፍቱ ቱቦ ጠፍጠፍ ተደርጎ በጣት ስፋት ሲቆራረጥ የቅጠል ቅርጽ ይሰጣል፤ አምስቱ ጫፍ ለጫፍ ሲጣበቁ ሌላ ዓይነት አበባ ነው። የተምሩን ዘር አጥበን ሦስት ቀን አሰጣነው፤ አሮጌ የሸሚዝ ቁልፍ መሀል አድርገን ዘሩን ዙሪያውን ደረደርነው። ይህ የቤታችን ልዩ አበባ ነው፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው እርሱን ነው። ቤታችሁ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን ዘርና ቁልፍ ይቅር፤ ወደ አፍ ይሄዳል።

ፀሐይዋ የባለቤቴ ናት። ጠርዙ የተበላ አሮጌ ሰፌድ ነበራት፤ ልትጥለው ሳይሆን ልትጠግነው አስቀምጣው ነበር። ሐረር ጀጎል የገባ ሰው ያውቃል፤ የሐረሪዎች ቤት ግድግዳ በስፌትና በሳሕን የተሸፈነ ነው፤ እናቶች የሠሩት ሁሉ ተሰቅሎ ይታያል። እኛ ዘንድ ሰፌድ የጓዳ ዕቃ ነው። አሁን ከሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሲያርፍበት ስንደዶው ያበራል።

ሰሌዳው ግማሽ ሲደርስ ልጅቷ ወፍ ትኑር አለች። ጥያቄው ከሃያ ዓመት በላይ ዞሮ ተመልሶ መጣብኝ። ሊቃውንት ለልጆች መጫወቻ ሰፋ ያለ አቋም እንዳላቸው፣ ዓኢሻም (ረ.ዐ) በልጅነታቸው አሻንጉሊት እንደነበሯቸው አውቃለሁ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ግን ልቤ አልተቀበለውም። አይሆንም ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «ጎጆዋን እንሥራላት» አልኳት። ባለቤቴ ከስፌቷ የተረፈ አክርማ ሰጠችን፤ አጠማዘን ጎጆ ሠራንና ቅርንጫፉ መሀል አጣበቅነው። ልጅቷ ባዶውን ጎጆ አይታ «ወፏ የት ሄደች?» አለች። ወፎች ጠዋት ሆዳቸው ባዶ ሆኖ እንደሚወጡ፣ ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ፣ ይህንንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህ ለመመካት ምሳሌ እንዳደረጉት ነገርኳት። «እሺ፣ ለኢፍጣር ትመጣለች» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጀነት የሚለው የዐረብኛ ቃል ሥሩ መሸፈንን፣ መሰወርን ያመለክታል። አትክልት ስፍራ ጀነት የተባለው ዛፎቹ ጥቅጥቅ ብለው መሬቱን ስለሚሸፍኑት ነው። በማሕፀን ያለ ጽንስም ከዚሁ ሥር ጀኒን ይባላል፤ ጅንም ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ነው ስሙን ያገኘው። ሥርፍ በማስተምርበት ጊዜ ይህን እንደ ሰዋስው ጉዳይ አልፈው ነበር። አሁን ግን ሰሌዳው እድፉን ሲሸፍነው ቃሉ ሥጋ ለብሶ ታየኝ። የልጅ ልጄን ጀነት ውስጥ ምን ምን አለ ብላ ስትጠይቀኝ የውሃ፣ የወተት፣ የማርና የኸምር ወንዞች በቁርአን እንደተጠቀሱ ነገርኳት። ወዲያው አራት ወንዝ ይሠራ ተባለ። ውሃው ከሻይ ቅጠሉ ፓኮ ውስጥ የወጣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው። ወተቱ ነጭ የደብተር ወረቀት። ማሩ በእርድ ተነክሯል። አራተኛው ላይ ስንደርስ ቆም አለችና «አባባ፣ ኸምር ጠጅ ነው?» አለች። የዚያኛው ዓለም ኸምር አእምሮን የማይነካ፣ የማያሰክር መሆኑን አስረዳሁ። አመነችኝ መሰለኝ፤ በቀይ ሥር ነከረችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ጠፍቶ ቡናማ ሆነ። «ሻይ ሆነ» አለች፤ እንደገና አልነከረችውም።

ቅጠሎቹን ያልተናገርኩት ሆን ብዬ ነው። ሠላሳ ናቸው፤ ከካርቶን ተቆርጠው አረንጓዴ ተቀብተዋል፤ በአንድ ጊዜ ግን አልተለጠፉም። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) የጀነት አፈር መልካም እንደሆነ፣ ውሃዋም ጣፋጭ እንደሆነ፣ ተክሏ ደግሞ ተስቢሕ፣ ተሕሚድ፣ ተህሊልና ተክቢር እንደሆነ ለኡማዎ ንገሩ ብለዋቸዋል። ይህን ስነግራት ራሷ ነች በየቀኑ አንድ ቅጠል እንለጥፍ ያለችው። ቀኑን አንድ ዚክር ወይም አንድ መልካም ሥራ ስትሠራ ከመግሪብ በፊት ቅጠል ትለጥፋለች። የሠራችውን በቅጠሉ ጀርባ ላይ በምልክት ታስቀምጣለች፤ ውሃ ለጎረቤት ያደረሰችበት ቀን ጠብታ ነው፤ ከእናቷ ጋር ሳትጨቃጨቅ የዋለችበት ቀን ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ጀርባው ወደ ሰሌዳው ነው፤ ማንም አያየውም። ሪያእ ምን እንደሆነ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። ቅጠሉን ገልብጦ መለጠፍ ግን ቀላል ነው። የአላህን ስም ራሱን አንጽፍበትም፤ ካርቶን አንድ ቀን ይጣላልና።

ስንሰቅለው የሰሌዳውን ላይኛ ጫፍ ሁለት ቦታ በስተን በሲባጎ ከጣሪያው እንጨት ጋር አሰርነው፤ ግድግዳው እንዲተነፍስም ከጀርባው ትናንሽ የካርቶን ድርብርቦች አደረግን። አዲሱን ኖራ ስቀባ የከሰሉን ዛፍ ዘልዬው ነበር። ልጅቷ የማን እንደሆነ ጠይቃ የአባቷ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ሰሌዳውን ጎትታ ጎትታ ዛፉ አጠገብ አደረሰችው። አሁን ግንዱ የልጄ ነው፤ ግድግዳው ላይ ነው። ቅርንጫፉ ከግድግዳው ተነስቶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል፤ ቅጠሉም ጎጆውም የልጁ ነው።

አሥራ ሰባተኛው ቅጠል በተለጠፈበት ቀን ከተራዊሕ ስመለስ ልጄ በስልክ ደውሎ ነበር። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወንዞቹን አንድ በአንድ፣ ሻይ የሆነውንም ጭምር፣ ታሳየዋለች። ከዚያ ወደ ግራ አዞረችው። ድምፁ ጠፋ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ስልኩን ለአባባ ስጪው» አላት።

ተቀበልኩ። ስለ ጤናችን ጠየቀ፤ ቆርቆሮውን ማን እንደመታው ጠየቀ። ከዚያ «ወፏስ አለች?» አለኝ።

«ልስኑን ውሃ በልቶት ከእርሱ ጋር ወረደች» አልኩት። እውነት ነው፤ ወፏ የነበረችው እድፉ ካረፈበት በኩል ነው። ከዚያ ለሃያ አንድ ዓመት ያላልኩትን አልኩት። «ያን ቀን ለመታሁህ ዐፉ በለኝ። ዛፉን ተው ወፏን አጥፋ ማለት እችል ነበር። ያንንም በእጄ ሳይሆን በአፌ።»

ወዲያው አልመለሰም። ቀጥሎ «አባ፣ እኔ እንኳን ቅጣቱን ረስቼዋለሁ፤ ዛፉን ነበር የማስታውሰው» አለ። ቅጣቱን ረስቷል ብዬ አላምንም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ትንሽ ቆይቶ «እዚህ የምንተኛበት ክፍል አራቱም ግድግዳ ባዶ ነው» አለኝ።

አሁን ሁለተኛ ሰሌዳ እየሠራን ነው። ከዒድ በኋላ ወደ ጅዳ የሚመለስ የሰፈራችን ሰው አግኝተናል፤ ሻንጣው ውስጥ እንዲገባ ሁለት ስንዝር በአንድ ስንዝር ተኩል አድርገነዋል፤ በጉዞ እንዳይረግፍ የተምሩን ዘር ትተን የወረቀት አበባ ብቻ አደረግንበት። ልጅቷ አራቱ ወንዞች ካልገቡ አይሄድም ብላ አጥብባ አስገብታቸዋለች። ለዛፉ ግንድ ከምድጃው ከሰል ያነሳሁት እኔ ነኝ።